መገልበጥ፣ ማጥፋት፣ መዝጋት፦ የቀድሞዎቹን ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች በሦስት ተራ ሥራዎች ስንመዝናቸው

እንደምን አመሻችሁ።

የዛሬው ርእስ የመጀመሪያዎቹ የግል ኮምፒዩተሮች ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች፣ ማለትም ማሽኑን የሚመሩት መሠረታዊ ፕሮግራሞች፣ ለተጠቃሚው ምን ያህል ይመቹ ነበር የሚል ነው። ጥያቄው ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ አጭር ነው፤ «ዶስ ከባድ ነበር፣ ማኪንቶሽ ቀላል ነበር»። ዶስ ትእዛዝ እየተጻፈለት የሚሠራው የማይክሮሶፍት ሲስተም ነው፤ ማኪንቶሽ በሥዕልና በማውስ የሚሠራው የአፕል ማሽን። ሐሰት ነው አልልም። ግን ብዙም ውሃ አያነሳም። ለማን ነው ቀላል? በየትኛው ሥራ? በመጀመሪያው ቀን ነው ወይስ ከሁለት ዓመት በኋላ? ስለዚህ እኔ ሌላ ሚዛን ይዤ መጥቻለሁ። ማንም ሰው የሚሠራቸውን ሦስት ተራ ሥራዎች እንውሰድ፤ ፋይል ከዲስክ ወደ ዲስክ መገልበጥ፣ ፋይል ማጥፋት፣ በመጨረሻም ማሽኑን መዝጋት። እያንዳንዱ ሲስተም ተጠቃሚውን ምን በቃሉ እንዲይዝ ያስገድደው ነበር? ሲሳሳትስ ምን ያደርገው ነበር? ለእኔ የምቾት መለኪያ እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ የስክሪኑ ማማር ከዚያ በኋላ ይመጣል። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከዶስ በፊት ከነበረው ሲፒኤም ከተባለው ሲስተም እንጀምር። በ1974 የጻፈው ጋሪ ኪልዳል ነው፤ ሰውየው ካሊፎርኒያ ሞንተሬይ ውስጥ በሚገኘው የባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ሲፒኤም ሲነሳ ስክሪኑ ላይ የምታዩት የድራይቩን ፊደልና አንዲት ምልክት ብቻ ነው። ፋይል ለመገልበጥ «ፒፕ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ መጀመሪያ መድረሻውን፣ ቀጥሎ የእኩል ምልክት፣ ቀጥሎ መነሻውን። ለፕሮግራመር ይህ ቅደም ተከተል ያለ ነው፤ ተቀባዩ በግራ፣ የሚሰጠው በቀኝ ይጻፋል። ለጸሐፊና ለሒሳብ ሠራተኛ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሰው «ከዚህ አንስተህ እዚያ አድርግ» ነው የሚለው። በዚያ ላይ ፒፕ የሲስተሙ አካል አልነበረም፤ ዲስክ ላይ የሚቀመጥ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። ያስገባችሁት ዲስክ ላይ ከሌለ ማሽኑ የጻፋችሁትን መልሶ ይጽፍና የጥያቄ ምልክት ይቀጥልበታል። «ፒፕ?» ይላችኋል፣ አበቃ።

ዲስክ ስትቀይሩ ደግሞ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ሲፒኤም በዲስኩ ላይ የትኛው ቦታ እንደተያዘና የትኛው ባዶ እንደሆነ የሚያሳይ ካርታ በሚሞሪው ይይዛል። ዲስኩን አውጥታችሁ ሌላ ስታስገቡ ኮንትሮልና ሲን አንድ ላይ ተጭናችሁ ካላስታወቃችሁት ካርታው የአሮጌው ዲስክ ነው። ለመጻፍ ስትሞክሩ ማውጫው፣ ማለትም የዲስኩ የፋይሎች ዝርዝር፣ መለወጡን ይደርስበትና «ይህ ዲስክ የሚነበብ ብቻ ነው» የሚል ይዘት ያለው፣ በምሕጻረ ቃል የታጨቀ መልእክት አውጥቶ ሥራውን ያቋርጣል። ልብ በሉ፤ ሲስተሙ ያደረገው ነገር ትክክል ነው። ሳያቆም ቢጽፍ ኖሮ የሌላ ሰው ፋይል ላይ ይጽፍ ነበር። ጥፋቱ ያለው መልእክቱ ላይ ነው። ተጠቃሚው ዲስኬ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል፤ የሆነው ግን ሁለት ቁልፍ መጫን መርሳቱ ብቻ ነው።

በነሐሴ 1981 አይቢኤም የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ ከዶስ ጋር ነበር። የዶስ መነሻ ቲም ፓተርሰን በ1980 ሲያትል ኮምፒዩተር ፕሮዳክትስ ውስጥ ሲሠራ የጻፈው ሲስተም ነው፤ ማይክሮሶፍት ገዛው። የሲፒኤም ፕሮግራሞች በቀላሉ እንዲዛወሩለት ሆን ተብሎ በሲፒኤም አምሳል የተሠራ ነው። ሆኖም በተጠቃሚው በኩል ጥቂት ነገሮች ተስተካክለዋል። ፒፕ ቀርቶ «ኮፒ» መጣ፤ ትእዛዙ ሲስተሙ ውስጥ ያለ ነው፣ መነሻው ይቀድማል፣ መድረሻው ይከተላል። ዲስክ ለመቀየርም ማስታወቅ አላስፈለገም። የዶስና የሲፒኤም ፉክክር ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ዋጋው ነው፤ እርግጥ ዶስ 40 ዶላር፣ ለዚያው ማሽን የተዘጋጀው ሲፒኤም-86 ደግሞ 240 ዶላር ነበር የሚሸጡት፤ ዋጋው ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የዶስ ኮፒ ከፒፕ የተሻለ የታሰበበት መሆኑን ሳያይ አይቀርም።

አሁን ይህን መገልበጥ በሰዓት እንለካው። ስቱዋርት ካርድ፣ ቶማስ ሞራንና አለን ኒውዌል በ1980 ያሳተሙት አንድ ስሌት አለ። አንድ ሥራ በትናንሽ እንቅስቃሴዎች ይከፋፈልና ለእያንዳንዱ ጊዜ ይሰጠዋል። ጎበዝ ታይፒስት አንድ ቁልፍ ለመጫን 0.2 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ኪቦርዱን ጨርሶ የማያውቅ ሰው 1.2 ሰከንድ። እጅን ከኪቦርድ ወደ ማውስ ማዛወር 0.4፣ ማውሱን ወደ አንድ ነገር ማነጣጠር 1.1፣ ቀጥሎ የሚደረገውን በሐሳብ ማሰናዳት 1.35። እስቲ በዶስ የአንድ ደብዳቤ ግልባጭ እናስላ። ትእዛዙ 4 ፊደል፣ የፋይሉ ስም ከነነጥቡና ከነቅጥያው 10፣ የሁለቱ ድራይቮች መለያ ከነሁለት ነጥባቸው 4፣ ክፍተት 2፣ ኢንተር 1። ድምሩ 21 ነው፤ ሺፍቱን አልቆጠርኩም። ጎበዙ ታይፒስት በ4 ሰከንድ ከምናምን ይጨርሳል። ጀማሪው 25 ሰከንድ ያስፈልገዋል፤ ለማሰብ የሚቆምበትን ሳንጨምር።

በማኪንቶሽስ? እጅ ወደ ማውስ፣ ፋይሉ ላይ ማነጣጠር፣ ተጭኖ መያዝ፣ ወደ ሌላው ዲስክ መጎተት፣ መልቀቅ። ሦስት ሰከንድ አይሞላም፤ ለጎበዙም ለጀማሪውም ያው ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ ከጎበዙ ታይፒስት ጋር ያለው ልዩነት አንድ ሰከንድ ከግማሽ ገደማ ነው። ይህ ሰው «ዶስ አይከብደኝም» ቢላችሁ እውነቱን ነው። ሃምሳ ፋይል ይገልበጥ ከተባለ ደግሞ ዶስ ይበልጣል፤ ከስሙ ፈንታ አንዲት ኮከብ ይተካና በአንድ መስመር ያልቃል፤ ባለማውሱ ከሌሎች ፋይሎች መካከል እየመረጠ ነው። ስሌቱ ግን አንድ ነገር ይተዋል፤ የሚለካው ሥራውን አስቀድሞ የሚያውቅና የማይሳሳት ሰው የሚፈጅበትን ጊዜ ነው። የፋይሉን ስም የረሳ፣ አንዲት ፊደል የገደፈ ሰው ስሌቱ ውስጥ የለም። ቢሮ ውስጥ የነበረው ግን ይኸው ሰው ነው።

ኮሞዶር 64ን በጨረፍታ ልንካው። በ1982 የወጣ፣ በብዙ ሚሊዮን የተሸጠ ማሽን ነው። ሲነሳ ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ውስጥ ያስገባችኋል፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙም ፕሮግራም መጻፊያውም አንድ ነው። ዲስኩ ላይ ምን እንዳለ ለማየት ማውጫውን እንደ ፕሮግራም ትጭኑታላችሁ። እንደ ፕሮግራም ሲጫን ሚሞሪው ላይ የነበረውን ፕሮግራም ይደመስሳል። ማለትም ሥራችሁን ለማስቀመጥ ፈልጋችሁ «ዲስኩ ላይ የትኞቹን ስሞች ተጠቅሜያለሁ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ሥራችሁ ጠፋ። ከዚህ የከፋ ወጥመድ በዚያ ዘመን ማሽን ላይ አላውቅም።

ወደ ሥዕሉ ዓለም እንምጣ። በሚያዝያ 1981 ዜሮክስ ስታር የተባለውን ማሽን አወጣ፤ አንዱ 16,595 ዶላር። ስክሪኑ ላይ ዶክመንቶች፣ ፎልደሮች፣ የፖስታ ሳጥኖች በምስል ይታያሉ። በስታር ኮፒ ማለት ኪቦርዱ ላይ ያለ ራሱን የቻለ ቁልፍ ነው። ዶክመንቱን ትመርጣላችሁ፣ ቁልፉን ትጫናላችሁ፣ መድረሻውን ታሳያላችሁ። ያው ቁልፍ ለአንድ ቃልም፣ ለአንድ ሥዕልም፣ ለሙሉ ፎልደርም ይሠራል። ማውሱ ሁለት ቁልፍ ነበረው። በጥር 1983 በ9,995 ዶላር የወጣው የአፕል ሊሳ ግን አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው ማውስ ይዞ መጣ። የሊሳ ቡድን፣ ከዜሮክስ የመጣው ላሪ ቴስለር ጭምር፣ ማውስ ይዘው የማያውቁ ሰዎችን እያስቀመጠ ይሞክር ነበር፤ አንድ ቁልፍ ካለ «የትኛውን ልጫን?» የሚል ጥያቄ አይነሳም። ብልህ ውሳኔ ነው። ዕዳ ግን ነበረበት፤ በአንድ ቁልፍ መምረጥም መክፈትም ስላስፈለገ ቶሎ ቶሎ ሁለት ጊዜ መጫን የተለመደ መንገድ ሆነ። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ማኪንቶሽ ጥር 24 ቀን 1984 በ2,495 ዶላር ወጣ። 128 ኪሎባይት ሚሞሪ፣ 400 ኪሎባይት የሚይዝ አንድ የፍሎፒ ድራይቭ። አንድ! ቅድም ሦስት ሰከንድ አይሞላም ያልኩት የእጁን ሥራ ነው። ሁለተኛ ድራይቭ ያልገዛ ሰው ግልባጭ ሲያደርግ የመጀመሪያውን ዲስክ ያስወጣል፤ የዲስኩ ምስል ደብዝዞ ስክሪኑ ላይ ይቀራል። ሁለተኛውን ያስገባል፤ ፋይሉን ከደበዘዘው ምስል ላይ ይጎትታል። ከዚያ ማሽኑ «ያንን ዲስክ አስገባ» ይላል፣ ቆይቶ «ይኼኛውን አስገባ» ይላል፤ ሚሞሪው ትንሽ ስለሆነ ፋይሉን የሚያመላልሰው በቁራጭ በቁራጭ ነው። ስለ መጀመሪያው ማኪንቶሽ ቀላልነት የሚጽፉ ሰዎች ይህን አዘውትረው ይዘሉታል። አቀራረቡ ቀላል ነበር፤ ማሽኑ ግን አቀራረቡን የሚሸከም አቅም አልነበረውም።

ያ የደበዘዘ ምስል ሌላም ጣጣ አመጣ። ዲስኩንም ምስሉንም ባንዴ ለማስወገድ ዲስኩን ጎትቶ ቆሻሻ ቅርጫቱ ላይ መጣል ነው መንገዱ። ሙሉ የጥናት ሥራውን የያዘ ዲስክ ቆሻሻ ውስጥ እንዲጥል የተነገረውን ተማሪ አስቡት። ምንም አይጠፋም፣ ዲስኩ ወጥቶ እጁ ላይ ይመጣል፤ ግን ያንኑ ምልክት አንድ ጊዜ ለመደምሰስ፣ ሌላ ጊዜ በሰላም ለመመለስ መጠቀም ስሕተት ነው ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ኪቦርድ ላይም የአቅጣጫ ቀስቶች አልነበሩም፤ ሰው በግድ ማውስ እንዲለምድ ተብሎ ነው። አንዲት ፊደል ወደኋላ ለመመለስ እጅን ከኪቦርድ ማንሳት ነበረባችሁ። ቀስቶቹ በ1986 ከማኪንቶሽ ፕላስ ኪቦርድ ጋር መጡ።

ማጥፋት ወደሚለው ሥራ እንለፍ። በሲፒኤምም በዶስም አንድ ፋይል አጥፋ ካላችሁት ያጠፋዋል፤ አይጠይቅም። ሁሉንም አጥፋ ስትሉት ብቻ «እርግጠኛ ነህ?» ይላል። በእርግጥ ዶስ ፋይሉን አይፍቀውም። ማውጫው ላይ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በሌላ ምልክት ይተካና ቦታው ባዶ ነው ብሎ ይመዘግባል፤ ይዘቱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ ነው። ይህን ያስተዋለው ፒተር ኖርተን በ1982 የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ለገበያ አቀረበና ስሙ ገነነ። ማይክሮሶፍት ራሱ መመለሻ ያስገባው በዶስ 5፣ በ1991 ነው። ያም ሆኖ ፋይሉን ሲመልስ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል እንድትነግሩት ይጠይቃችሁ ነበር፤ እሱ ራሱ ደምስሶታልና!

የማኪንቶሽ ቅርጫት እዚህ ላይ ይሻላል፤ የጣላችሁትን ከፍታችሁ ታወጡታላችሁ። ግን እስከ 1991 ድረስ፣ ማለትም ሲስተም 7 እስኪወጣ፣ ቅርጫቱ ፕሮግራም ስትከፍቱ ሳይነግራችሁ ራሱን ባዶ ያደርግ ነበር። ስለ ስሕተት መልእክትም ቢሆን ባለሥዕሎቹ ብዙም አይመጻደቁ። ዶስ ድራይቭ ኤ ውስጥ ዲስክ ሲያጣ «አቋርጥ፣ እንደገና ሞክር፣ እለፈው?» ይላል፤ ዲስክ የሌለው ሰው የቱንም ቢመርጥ ብዙ ጊዜ ተመልሶ እዚያው ነው። ማኪንቶሽ ደግሞ ክሩ የሚጨስ ቦምብ ሥሎ ከሥሩ ቁጥር ያስቀምጣል። ቁጥሩ ለፕሮግራመር ነው፤ ለተጠቃሚው የተረፈው ቦምቡ ነው።

ማኪንቶሽ ያለ ጥርጥር የበለጠበት ቦታ ሌላ ነው፤ ፕሮግራሞቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ ነበራቸው። መቁረጥ፣ መለጠፍ፣ የሠሩትን መመለስ በሁሉም ፕሮግራም በአንድ ቦታና በአንድ ቁልፍ ይገኛል። በዶስ እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ አገር ነው። ወርድፐርፌክት በተባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ እርዳታ ኤፍ3 ነው፣ መውጫ ኤፍ7 ነው፣ ማተሚያ ሺፍትና ኤፍ7 ነው፤ ስክሪኑ ባዶ ስለሆነ ሰው ቁልፎቹ አጠገብ የሚቀመጥ ካርቶን ይጠቀም ነበር። የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራሙ ሎተስ 1-2-3 ዘንድ ሜኑው የሚወጣው በእዝባር (/) ነው። አንዱን የተማረ ለሌላው ምንም ስንቅ አይዝም። እዚህ አዲስ አበባ የኮምፒዩተር ማሠልጠኛዎች በ1990ዎቹ ዶስ፣ ወርድፐርፌክት፣ ሎተስ፣ የመረጃ ቋት ፕሮግራሙን ዲቤዝ እያሉ ለየብቻ ያስተምሩና ይመዝኑ የነበረው ወደው አይደለም። በዚያ ላይ ትእዛዙ ሁሉ የእንግሊዝኛ ቃል ነው፣ ፊደል ሳይገድፉ የሚጻፍ። ለአሜሪካዊው ጸሐፊ የማስታወስ ሸክም የነበረው ለኛ ሰው እጥፍ ነበር።

ስለ ፊደላችን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የዶስ ስክሪን በተለመደው አሠራሩ 80 በ25 የፊደል ቦታ ነው፤ ሊያወጣ የሚችለው 256 ምልክት ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ለላቲኑ ቦታ አይተርፍም። ማኪንቶሽ ግን ፊደልን እንደ ሥዕል በነጥብ ይሥለዋል፤ የግዕዝ ፊደል ለመሣል ምንም የሚከለክል የለም። የኮድ ቁጥሩ ግን እዚያም 256 ስለነበር እያንዳንዱ ሠሪ በራሱ መንገድ ሸነሸነው፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይወጣ ነበር። ይህ መላ ያገኘው ፊደሉ በ1999 ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።

ወደ ዊንዶውስ። በኅዳር 1985 የወጣው የመጀመሪያው ዊንዶውስ መስኮቶቹን ጎን ለጎን ይደረድራል እንጂ አንዱን በሌላው ላይ አይደርብም። ብዙ ተስቆበታል። ነገር ግን ሳራ ብላይና ጃሬት ሮዘንበርግ በ1986 ሁለቱን አሠራሮች አነጻጽረው ያገኙት ነገር ያን ያህል የሚያስቅ አይደለም፤ መስኮት ብዙ ማንቀሳቀስ በማይጠይቅ ሥራ ላይ የተደረደሩት ፈጣን ነበሩ፤ ተደራራቢዎቹ የጠቀሙት መስኮት ብዙ ማንቀሳቀስ በሚጠይቅ ሥራ ላይ፣ ያውም ለአንዳንድ ተጠቃሚዎች ነው። የሆነው ሆኖ ዊንዶውስም ወደ መደራረቡ ሄደ። ዓመታት አልፈው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 95 ሰዎችን አስቀምጦ ሲሞክር ጀማሪዎች ሌላ መስኮት የሸፈነውን መስኮት ጠፋ ብለው ሲጨነቁ፣ ሁለት ጊዜ መጫኑም ሲያቅታቸው አየ። ያዙልኝ ያልኳችሁ የአንድ ቁልፍ ዕዳ ይኸው ነው። ከሥር ያለው የፕሮግራሞች መደዳ የተከፈተውን ሁሉ እንዲያሳይ፣ «ስታርት» ደግሞ አንዴ ብቻ ሲጫኑት እንዲከፈት የተደረገው ለዚህ ነው።

የቀረን መዝጋት ነው። በዶስ ማብሪያ ማጥፊያውን መጫን በቂ ነው፤ በዚህ ሥራ እስከ ዛሬ የሚወዳደረው የለም። በ1993 ዶስ 6 የሚጻፈውን ነገር በሚሞሪ አቆይቶ በኋላ ወደ ዲስክ ማሳለፍ ሲጀምር፣ ሥራው ያለቀ መስሏቸው ማሽኑን ያጠፉ ሰዎች ፋይል አጡ። በዚያው ዓመት የወጣው 6.2 ጽሑፉ ዲስክ ላይ ሳይደርስ የትእዛዝ መስመሩን ላለማሳየት ወሰነ። ሰዎቹ ልማዳቸውን እንዲለውጡ ከመስበክ ይልቅ ልማዱን ያከበረ ማስተካከያ ስለሆነ ደስ ይለኛል። ዊንዶውስ 95ን ለመዝጋት ደግሞ ያንኑ «ስታርት»፣ ማለትም «ጀምር» የሚለውን ትጫናላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፣ «አሁን ማጥፋት ይቻላል» የሚል ብርቱካናማ ጽሑፍ ሲመጣ ማጥፊያውን ትጫናላችሁ።

ሊሳ በ1983 ያደረገችው ይኸ ነው፤ ማጥፊያውን ስትጫኑ የተከፈተውን ዶክመንት ሁሉ ራሷ አስቀምጣ ትዘጋለች፣ ስትከፈት ሁሉንም በነበረበት ትመልሰዋለች። ማኪንቶሽ በርካሽ ዋጋና በጠባብ ሚሞሪ ሲሠራ ይህን ትቶት ወጣ። አፕል በማኮቹ ላይ ዶክመንትን በራሱ ማስቀመጥና የተከፈተውን መልሶ መክፈት በሲስተም ደረጃ ያስገባው በሐምሌ 2011፣ ላየን ከተባለው እትም ጋር ነው፤ 28 ዓመት ቆይቶ። ያኔም ቢሆን መዝጊያው ላይ «መስኮቶቹ ተመልሰው ይከፈቱ?» የሚል ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ተጨመረ፤ ከየቀኑ ሥራ በኋላ ትናንት የተወው ሁሉ ፊቱ ላይ እንዲደረደርበት የማይፈልግ ሰውም አለና።

እኔ እዚህ ላይ ላቁም። ጥያቄም ሆነ ተቃውሞ ያላችሁ፣ በተለይ ለፒፕ ጠበቃ የምትቆሙ ካላችሁ፣ ማይክሮፎኑ ይዞርላችኋል።